«ነርቩን ይቁረጡላትና ትረፍ»



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ትንሽ ረዘም ይላል። ጊዜ ስታገኙ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ መሃል ላይ አታቋርጡት።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቀና ብላ መቀመጥ አልቻለችም፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ተደፍታለች። እናትየው ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን አወጡና አንድ ቪዲዮ ከፈቱልኝ። ውጭ አገር ያለ ሐኪም ነው። የወር አበባ ሕመምን የሚያስተላልፈውን ነርቭ ቆርጦ ሴቲቱን እንደሚገላግል ያስረዳል።

«ዶክተርዬ፣ እኔ የምፈልገው ይኼን ነው» አሉኝ። «ወረቀት ጻፊልኝና ውጭ ይዣት ልሂድ። የደብረ ብርሃኑን ቦታ የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁ። ነርቩን ይቁረጡላትና ትረፍ።»

ታሪኩን ጠየቅኳቸው። ልጅቷ የወር አበባ ያየችው በ13 ዓመቷ ነው። ከ15 ዓመቷ ጀምሮ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ሰፈራቸው ያለ ክሊኒክ እየሄደች የማስታገሻ መርፌ ትወጋለች፤ ለሰዓታት ይተዋትና ይመለሳል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገቡ ጊዜ ወር አበባዋ ከፈተናው ጋር ገጠመ። አንዱን ቀን ሙሉ በግቢው ክሊኒክ አልጋ ላይ አሳለፈችው። ውጤቱ ሲመጣ አላለፈችም። እናትየው ይህን ሲነግሩኝ ልጅቷ ቀና አላለችም።

እኔም ወዲያው መልስ አልሰጠሁም። ይህ ቀዶ ሕክምና እኔ ቤትም ገብቶ ያውቃልና።

የእህቴ ነገር

ልጅ ሆነን እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም ነው የምላት። በየወሩ ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን በእግሯ ስትገፋ ይሰማኝ ነበር። እናታችን ተነስታ ውሃ ታሞቃለች፤ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ በነጠላ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ታደርግላታለች። ዝንጅብል ታፈላላታለች። «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ትላታለች። እናቴ በክፋት አልነበረም። እሷንም እናቷ ያሏት ይህንኑ ነው።

እህቴ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። እኔ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባሁ። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ቀን ደወለችና «ሚጣ፣ አሁን እኮ ሐኪም ልትሆኚ ነው። ይኼ ነገር ለምንድነው የማይተወኝ? ከሥራ እየቀረሁ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ርዕሱን ከመጽሐፍ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነበር። በሚያውቅ ሰው ድምፅ «እታለም፣ ይኼ የሁሉም ሴት ሕመም ነው። ማስታገሻ ውሰጂ፣ ጭንቀት ቀንሺ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ ሚጣ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከአራት ዓመት በኋላ ሐኪሟ በካሜራ ሆዷን ከፍቶ ሲያይ በሽታው ከማህፀኗ ጀርባ ተዘርግቶ ተገኘ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበር። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ፣ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ አንጀት አጠገብ፣ ፊኛ ላይ ሲበቅል ማለት ነው። ይህ ህዋስ በየወሩ ይቆጣል፤ ውሎ አድሮ ጠባሳ ይሠራል፣ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ10ሩ አንዷ ይህ በሽታ አለባት። ሰፈራችሁ ባለ አንድ የ12ኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ውስጥ 20 ሴት ልጆች ካሉ፣ አስቡት።

ያ «እሺ ሚጣ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁም ከዚያ የተነሳ ነው።

የትኛው ሕመም ነው «የሁሉም ሴት» ያልሆነው?

የወር አበባ ሲመጣ ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህም የማህፀንን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ቁርጠቱ ከዚያ ነው። መጠነኛ ቁርጠት ብዙ ሴቶች አላቸው። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ የሚሠሩት የፕሮስታግላንዲንን መመረት በመቀነስ ነው። ስለዚህ ሰዓታቸው ወሳኝ ነው። ሕመሙ ጣራ ከነካ በኋላ ሳይሆን ወር አበባው ሊመጣ ሲል ወይም እንደጀመረ፣ ምግብ ተበልቶ፣ ለሁለት ሦስት ቀን በሰዓቱ ሲወሰድ ነው ጥሩ የሚሠራው። ብዙ ልጆች «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚሉኝ አንዲት ፍሬ ዘግይተው እየዋጡ ነው። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባችሁ ግን ሳታማክሩ አትውሰዱ። የእናቴ የሙቅ ውሃ ጠርሙስም ከንቱ አይደለም፤ ሙቀት ቁርጠትን በእርግጥ ያስታግሳል።

የሚከተሉትን ካያችሁ ግን «የሴት ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉ፦

1. በየወሩ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ሕመም፤
2. ማስታገሻ በአግባቡ ተወስዶም የማይመለስ ሕመም፤
3. ከዓመት ዓመት እየባሰ የሚሄድ፣ ወይም ወር አበባው ካለፈ በኋላም የሚቀጥል ሕመም፤
4. በወር አበባ ሰሞን ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጣ የሚሰማ ሕመም፤
5. ላገባች ሴት፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም፤
6. ሕመሙ ከመውለድ መዘግየት ጋር ከተደረበ።

ሕመሙ ድንገት የመጣና ከበድ ያለ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ራስ መሳት ካለ፣ ወይም እርግዝና ሊኖር የሚችል ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን ወደ ነርቩ እንምጣ

እናትየው ያሳዩኝ ቪዲዮ ውሸት አልነበረም። ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ አለ፤ ስሙም ፕሪሳክራል ኒውሬክቶሚ ይባላል። አዲስም አይደለም። በፈረንጆቹ 1899 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ዣቡሌ፣ ጣሊያን ውስጥ ሩጂ የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች፣ ለየራሳቸው ሠርተውታል። በ1920ዎቹ ደግሞ ሊዮን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ጋስቶን ኮት የተባለ ሐኪም አሻሽሎ አስፋፋው። ያን ጊዜ ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ነበር የሚሠራው። አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችና የሆርሞን ኪኒኖች ሲመጡ ቀዶ ሕክምናው እየተረሳ ሄደ። በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ላፓሮስኮፒ ሲስፋፋ ደግሞ እንደገና ተነሳ።

አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ከማህፀን የሚነሳው የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ አለው። ከእምብርት ዝቅ ብሎ፣ ከጀርባ አጥንት የታችኛው ጫፍ ፊት ለፊት፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ለሁለት ከሚከፈልበት ሥር፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ የነርቭ ስብስብ ይገኛል። ከማህፀን መሃለኛው ክፍል የሚመጣው ሕመም በአብዛኛው በዚህ ያልፋል። ቀዶ ሐኪሙ ይህን መረብ ቆርጦ ያወጣዋል። ማህፀኑ አይነካም፤ ወር አበባም አይቆምም። መልእክቱ ብቻ መንገድ ያጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያው፣ እንቁላል ማምረቻዎቹ በዚህ መንገድ አይጠቀሙም። የእነሱ ነርቭ የራሳቸውን የደም ሥር ተከትሎ ከላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሕመሟ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ጎን የሆነች ሴት ይህ ነርቭ ቢቆረጥላትም ያ ሕመም አይተዋትም። ቀዶ ሕክምናው የሚጠቅመው ከእምብርት በታች መሃል ላይ ለሚሰማ ሕመም ነው።

ሁለተኛው፣ ነርቭ መቁረጥ በሽታውን አያድንም። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ውሻውን ብታስሩት ዝም ይላል፤ ግቢ የገባው ሌባ ግን አልወጣም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለ እሱው ራሱ መታከም አለበት። ለዚህ ነው የነርቩ ቀዶ ሕክምና ብቻውን ሳይሆን በሽታውን ከማስወገድ ጋር ተደርቦ የሚሠራው።

ጥናቱ ምን ይላል?

«ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ትሉኛላችሁ። ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ።

ጣሊያን ውስጥ በ2003 የወጣ ጥናት አለ። በኢንዶሜትሪዮሲስ ምክንያት ከባድ የወር አበባ ሕመም ያለባቸው 141 ሴቶች ተካፍለውበታል። ሁሉም በላፓሮስኮፒ በሽታው ተወግዶላቸዋል፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ነርቩ ተቆርጦላቸዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ነርቩ ከተቆረጠላቸው ሴቶች ወደ 86 በመቶ የሚሆኑት ከሕመሙ ድነዋል። ነርቩ ካልተቆረጠላቸው ደግሞ 57 በመቶው።

ይህን በሰው ቁጥር እንመንዝረው። 100 ሴቶች ቢኖሩ 57ቱ ነርቩ ባይነካም በሽታው በመወገዱ ብቻ ይሻላቸዋል። ነርቩ መቆረጡ ተጨማሪ 29 ሴቶችን ይጠቅማል። 14ቱ ሁለቱም ተደርጎላቸው ሕመሙ አይለቃቸውም። ቪዲዮው 86ቱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። እኔ 57ቱንም 14ቱንም እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

እዚያው ጣሊያን ቀደም ብሎ በ1992 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአጠቃላይ ሕመሙ ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በሆድ መሃል ያለው ሕመም ግን ቀንሶ ተገኝቷል። ሁለቱ ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ጥቅም ካለ መሃል ላይ ላለ ሕመም ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቀዶ ሕክምናም አለ። ሉና ይባላል። በማህፀን በር ጀርባ ያለውን ጅማትና በውስጡ ያለፈውን ነርቭ መቁረጥ ወይም ማቃጠል ነው። ቀለል ያለና ፈጣን ስለሆነ ብዙ ቦታ ሲሠራ ኖሯል። በ2009 እንግሊዝ አገር 487 ሴቶች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ወጣና ከተሠራላቸውና ካልተሠራላቸው መካከል ምንም የሕመም ልዩነት አልተገኘም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ሉና አይጠቅምም ይላል። ስለዚህ «የነርቭ ቀዶ ሕክምና» ሲሏችሁ የትኛውን እንደሆነ በስሙ ጠይቁ።

ዋጋውስ?

የገንዘቡን አይደለም የምላችሁ። ነርቩ የተኛው ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ ነው። እጁ ያልተለማመደ ሐኪም ከሠራው ከባድ የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎና ድንገት የመምጣት ችግር፣ አንዳንዴም የብልት መድረቅ ይከተላል። በብዙዎቹ እየቀለለ የሚሄድ ነው፤ በአንዳንዶቹ ግን ይቆያል።

እህቴ ይህን ሁሉ ተነግሯት፣ ሕመሟ መሃል ላይ ስለነበር፣ ሆርሞንም ሞክራ ስላልሆነላት፣ በሽታው ሲወገድላት በዚያው ቀዶ ሕክምና ነርቩ ተቆረጠላት። ከስድስት ወር በኋላ «ከአስር ወደ ሦስት ወርዷል ሚጣ። ሦስትን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ከሦስት ጋር መኖር ይቻላል» አለችኝ። ሆድ ድርቀቱ ግን ያዛት። ተልባና ብዙ ውሃ፣ አንዳንዴም የሚያለሰልስ መድኃኒት እየወሰደች ነው እስከ ዛሬ ያለችው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንን ማንም ቪዲዮ ላይ ሲናገር አልሰማሁም። እህቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አረገዘች። በዘጠነኛው ወር ለመደበኛ ክትትል ሄደች፤ ሆዷ ጠንከር፣ ላላ ሲል ከመሰማቷ በቀር ሕመም አልነበራትም። አዋላጇ ስታያት የማህፀን በሩ ስድስት ሴንቲሜትር ተከፍቷል። ምጥ ላይ ነበረች! ስልክ ደውላ እየሳቀች ነገረችኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ያን ጊዜ የምሠራው ገጠር ባለ ሆስፒታል ነበር። የማህፀን በር የሚከፈትበትን የመጀመሪያውን የምጥ ክፍል ሕመም የሚያስተላልፈው ያው ነርቭ ነው። ነርቩ የተቆረጠላት ሴት የምጡ መጀመሪያ ላይሰማት ይችላል። ይህ በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገበ ነገር ነው። ሆስፒታል በአሥር ደቂቃ ለምትደርስ ሴት የሚያስቅ ታሪክ ነው። መኪና መንገድ ለመድረስ ሁለት ሰዓት በቃሬዛ ለምትሄድ ሴት ግን የሚያስቅ አይደለም። ስለዚህ ይህ ቀዶ ሕክምና የተሠራላችሁ ካላችሁ፣ እዚህም ሆነ ውጭ አገር፣ ስታረግዙ ለሚከታተላችሁ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ወሩ ሲገባ ጤና ተቋም አጠገብ ሁኑ፤ የሆድ መጠንከርን በሰዓት ቁጠሩ እንጂ ሕመም አትጠብቁ።

በአንድ ጣትሽ አሳዪኝ

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ለእናትየው «እናቴ፣ ወረቀቱን ልጽፍልዎ እችላለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃት» አልኳቸው። ከዚያ ልጅቷን «ሕመሙ የሚበረታበትን ቦታ በአንድ ጣትሽ ብቻ አሳዪኝ፤ በመዳፍሽ አይደለም» አልኳት።

ጣቷን ያስቀመጠችው ከታች በቀኝ ጎኗ ነው። አንዴም ሁለቴም ጠየቅኳት፤ እዚያው ነው። «መሃሉም ያመኛል፤ የሚገድለኝ ግን ይኼኛው ነው» አለችኝ። ሰገራ ስትወጣ በወር አበባ ሰሞን እንደሚያማትም ነገረችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አልትራሳውንድ ላክኳት። እናትየው ፊታቸው ተለወጠ። «ድንግል ናት እኮ ዶክተር!» አሉኝ። ይህ ፍርሃት ብዙ ልጆችን ከምርመራ ያስቀራልና ላስረዳችሁ። ላላገባች ልጅ አልትራሳውንድ በሆድ በኩል፣ ፊኛ በሽንት ሞልቶ ይታያል። ማንም አይነካትም። ተጨማሪ ካስፈለገ ኤምአርአይ አለ። ግን አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው ማለት በሽታው የለም ማለት እንዳልሆነም እወቁ፤ ጥቃቅኑ ኢንዶሜትሪዮሲስ ብዙ ጊዜ በምስል አይታይም።

የልጅቷ ግን ታየ። ቀኝ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ አምስት ሴንቲሜትር የሚሆን፣ ያረጀ ደም የያዘ ከረጢት አለ። ሐኪሞች ቸኮሌት ሲስት የሚሉት ነው፤ አንዱ የኢንዶሜትሪዮሲስ መገለጫ ነው።

እስቲ አስቡት። ቦታው ተሸጦ፣ ውጭ አገር ሄዳ፣ ነርቩ ብቻ ተቆርጦላት ብትመለስ፣ የቀኝ ጎኗ ሕመም አብሯት ይመለስ ነበር።

ለእናትየው ይህንን እዚያው ወረቀት ላይ ማህፀን ስዬ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ሥዕሉን አዩት። ከዚያ «ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ሲወጓት ማንም አላየውም?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ለእህቴ ስልክ ላይ የመለስኩት ከእነሱ የተሻለ አልነበረም።

የማህፀን ስፔሻሊስት ጋር ላክኋቸው። ስፔሻሊስቷ ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና አልሄደችም። ከረጢቱን ማውጣት ከእንቁላሎቹ ጥቂት ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ በ19 ዓመት ላለች ልጅ ጊዜውና እጁ ታስቦ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ በየቀኑ የሚወሰድ የሆርሞን ኪኒን አዘዘችላት። ወር አበባውን ሲያስቆም ወይም ሲያሳንስ በሽታውም ይረጋጋል።

እናትየው ኪኒኑን ይዘው እኔ ጋ ተመለሱ። «ያላገባች ልጅ የእርግዝና መከላከያ ትዋጥ ትሉኛላችሁ? ሰው ቢያይስ? በኋላ መካን ብታደርጋትስ?» አሉኝ።

ይህንን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ አልስቅበትም፣ አልቆጣበትምም። «እናቴ፣ ያው መድኃኒት ለሁለት ነገር ይሆናል። አስፕሪን ለራስ ምታትም ለልብም ይሰጥ የለ? እዚህ ለሕመሙ ነው። ኪኒኑ ሲቆም ወር አበባዋ ይመለሳል፤ መካን አያደርጋትም። ለመውለድ ሊያስቸግራት የሚችለው እንዲያውም በሽታው ነው» አልኳቸው። በርግጥ ኪኒን ለሁሉም አይሆንም። ደም የመርጋት ታሪክ፣ የደም ግፊት፣ ከመንጸባረቅ ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት ያለባት ሴት ዓይነቱን ከሐኪም ጋር ትምረጥ። በክንድ የሚቀበረው፣ መርፌውና ሆርሞን ያለው ሉፕም አማራጮች ናቸው።

ልጅቷ ኪኒኑን ጀመረች። በመጀመሪያው ወር ደም ጠብ ጠብ እያለ አስቸገራት። በሦስተኛው ወር ሕመሙ ከ9 ወደ 4 ወረደ። አሁን እንደገና ለፈተና እየተዘጋጀች ነው። ከረጢቱ አልጠፋም፤ በየጊዜው ይታያል። ካደገ ወይም ሕመሙ ከተመለሰ ላፓሮስኮፒ ይሠራላት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሠራል።

ነርቩን ለማስቆረጥ ካሰባችሁ

ይህ ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናውን ተቃውሞ የተጻፈ አይደለም። እህቴን ጠቅሟታል። በትክክለኛዋ ሴት ላይ፣ በትክክለኛ እጅ ሲሠራ ቦታ አለው። ግን የመጀመሪያ ሕክምና ሳይሆን ከብዙ ደጆች በኋላ የሚንኳኳ በር ነው። ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦

1. የሕመሟ ምክንያት ምንድነው? ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሆነ በዚያው ቀዶ ሕክምና ይወገዳል ወይ?
2. ሕመሙ መሃል ላይ ነው ወይስ ጎን? ጎን ከሆነ ለምን ይህ ነርቭ?
3. የሚሠራው ፕሪሳክራል ኒውሬክቶሚ ነው ወይስ ሉና?
4. ማስታገሻ በሰዓቱ፣ ሆርሞን ቢያንስ ለሦስት ወር ተሞክሯል ወይ?
5. ሐኪሙ ይህንን ስንት ጊዜ ሠርቷል? ደም ቢፈስ ምን ዝግጅት አለ?
6. የሆድ ድርቀት ወይም የሽንት ችግር ቀድሞ አለባት ወይ?
7. ወደፊት ስትወልድ ማን ይከታተላታል?

አንድ ሐኪም እነዚህን ስትጠይቁት ከተቆጣ፣ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ከዛሬ ጀምራችሁ ደግሞ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ በአንድ ጣት የሚታየውን ቦታ፣ የተወሰደውን መድኃኒትና ከምን እንደቀረች ጻፉ። የሦስት ወር ደብተር ይዛ የመጣች ልጅን የትኛውም ሐኪም «ይለቅሻል» ብሎ ለመሸኘት ይቸግረዋል።

አባቶች፣ እናንተንም አልረሳሁም። ልጃችሁ በየወሩ ሁለት ቀን ከክፍሏ የማትወጣ ከሆነ ይህ «የእናቷ ጉዳይ» አይደለም። ዝም ብላችሁ የታክሲውን ብር መስጠት ጥሩ ነው፤ «ምን አለሽ ልጄ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ልጆች፣ እናንተም ከሕመም ጋር ትግል የጀግንነት ፈተና አይደለም። የሚያምሽ ከሆነ ያምሻል። አጋነነች ቢሉሽም ቦታውን በጣትሽ እያሳየሽ እስከሚሰሙሽ ተናገሪ።

ባለፈው ሳምንት እናትየውን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና «የደብረ ብርሃኑ ቦታ እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉ። «ገዥውን ትንሽ ታገሠኝ ብዬዋለሁ» አሉኝ። ገና አላመኑም፤ አልፈርድባቸውም። አምስት ዓመት ያልሰማቸውን ሰው በሦስት ወር ማመን ቀላል አይደለም።

ይህንን ጽሑፍ ሳልለጥፈው በፊት ለእህቴ ላክሁላት፤ የእሷ ታሪክ ስለሆነ ፈቃዷን መጠየቅ ነበረብኝ። አንብባ «እሺ ሚጣ» ብላ መለሰችልኝ። በዚህኛው ግን መጨረሻው ላይ የሳቅ ምልክት ነበረበት።

ለሴት ልጆቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁ አድርሱት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ በግል የሚነገር ከሆነ ግን ቅርባችሁ ያለ ሐኪም ጋር ሂዱ። ይህ ጽሑፍ ምርመራን አይተካም።